የትኛውን ዓለም አቀፍ ፍርድ ልጥቀስ? ለጎንደር ጠበቆች፣ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የቀረበ ንጽጽር

ጎንደር ውስጥ የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ውሳኔ ፍለጋ የሚገቡ ሰዎች በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ በዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለያዘው መዝገብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) እና 13(2) በኩል ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን ስምምነት ሊጠቅስ የፈለገ ጠበቃ ነው። ሁለተኛው ለምስለ ችሎት ውድድር የጽሑፍ ክርክር የሚያዘጋጅ የሕግ ተማሪ፣ ሦስተኛው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተመራማሪ ነው። ሦስቱንም የሚያደናግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱ ሞልቶ ተርፏል፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ፍርዱ ላይ አልተጻፈም።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከአገር ቤት ልማዳችን ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ፣ ዛሬም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት፣ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የመዝገብ ቁጥሩን ጠርቶ መቀመጥ ይቻላል። በዚሁ ልማድ ሄግን (ዓለም አቀፉን የፍትሕ ፍርድ ቤት) ወይም ስትራስቡርግን (የአውሮፓን የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት) የጠራ ጠበቃ፣ ዳኛው «ይህ እኔን ያስገድደኛል?» ብለው ሲጠይቁት መልስ ያጣል። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው የቀደመ ውሳኔ የሚያስገድድ አንቀጽ የላቸውም፤ ያም ሆኖ ከቀድሞው ውሳኔያቸው እንዲሁ በቀላሉ አይወጡም። እንግዲህ ከመጥቀስ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ያ ችሎት ከቀደመው ለመውጣት ምን ዓይነት ምክንያት ይጠይቃል? ተቃራኒ ወገንስ ያን ምክንያት ሊያገኝ ይችላል?

ከአዋጅ ቁጥሮችና ከአንድ የሰበር መዝገብ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። «አንቀጽ» ስንል የስምምነት ወይም የሕግ አንቀጽ፣ «ፓራግራፍ» ስንል የፍርዱን ተራ ቁጥር ማለታችን ነው። ሁለቱን ማምታታት በጽሑፍ ክርክሮች ላይ በብዛት የሚታይ ስሕተት ስለሆነ ከወዲሁ መለየቱ ይበጃል።

መለኪያዎቹ

በአምስት ነገር እንመዝናለን። መጀመሪያ የተቋሙ መመሥረቻ ሰነድ ስለ ቀዳሚ ውሳኔ ምን ይላል? ሁለተኛ፣ ችሎቱ ራሱ ከቀድሞው ለመውጣት ምን ምክንያት እጠይቃለሁ ብሏል? የዚህ መልስ ብዙ ጊዜ ከመመሥረቻው ቃል ይልቅ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ የሚጋጩ ውሳኔዎችን የሚያስታርቅ የበላይ ችሎት አለ? አራተኛ፣ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት? አምስተኛ፣ ጎንደር ላይ ተቀምጦ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ውሳኔው ያለ ክፍያ ተገኝቶ ሊነበብ ይችላል?

ሄግ፦ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት

የመመሥረቻ ደንቡ አንቀጽ 59 ውሳኔው ከተከራካሪዎቹና ከዚያው ጉዳይ ውጪ አስገዳጅነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 38(1)(መ) ደግሞ የፍርድ ውሳኔዎችን የሕግ ደንብን ለመለየት ከሚያግዙ ረዳት መንገዶች አንዱ ያደርጋቸዋል። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ ቀዳሚ ፍርድ ሄግ ላይ ዋጋ የለውም ይላል። ፍርዶቹን የገለጠ ግን ፍርድ ቤቱ በየገጹ የራሱን የቀድሞ ቃል ሲጠቅስ ያገኘዋል።

ሁለት ፓራግራፎች በእጅ መኖር አለባቸው። በካሜሩንና በናይጄሪያ ክርክር (1998፣ ፓራግራፍ 28) ፍርድ ቤቱ፣ ናይጄሪያን በሌሎች ጉዳዮች ውሳኔ ማሰር እንዳልተፈለገ፣ ትክክለኛው ጥያቄ የቀደመውን ምክንያትና መደምደሚያ ላለመከተል በዚህ ጉዳይ ምክንያት አለ ወይ የሚለው እንደሆነ ተናገረ። በክሮኤሽያና በሰርቢያ ክርክር (2008፣ ፓራግራፍ 53) ደግሞ ከጸናው የፍርድ መስመሩ የሚወጣው እጅግ የተለየ ምክንያት ሲያገኝ ብቻ እንደሆነ ጨመረ። የማስረዳት ሸክሙ የወደቀው ከቀድሞው እንውጣ በሚለው ወገን ላይ ነው ማለት ነው። የጎንደርን የአንድምታ ትምህርት ለሚያውቅ ሰው አካሄዱ እንግዳ አይሆንበትም፤ የቀደሙት መምህራን ፍቺ ተይዞ ነው ሌላው «አንድም» ተብሎ የሚጨመረው።

ሸክሙ ግን ሁልጊዜ አይጠብቅም። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የራሳችን ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ስለ ዛሬይቱ ናሚቢያ፣ ከሰሱ። በ1962 ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያውን 8 ለ 7 ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በ1966 ያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ክስ፣ በእነዚያው ተከራካሪዎች መካከል፣ ድምፁ 7 ለ 7 ሲሆን በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ «ከሳሾቹ በተጠየቀው ነገር ላይ የሕግ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላረጋገጡም» ብሎ ክሱን ጣለው። በመካከሉ ዳኛ ባዳዊ ሞተዋል፤ ዳኛ ቡስታማንቴ ታመዋል፤ ዳኛ ዛፍሩላህ ካን በችሎቱ አልተሰየሙም። የተለወጠው ሕጉ አልነበረም፤ የተሰየሙት ዳኞች ነበሩ። ስለዚህ የሄግን ፍርድ ሲጠቅሱ መጀመሪያ የሚታየው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ድምፁ ስንት ለስንት ነበር? በ8 ለ 7 የቆመ ነጥብና በ15 ለ 1 የቆመ ነጥብ እኩል አይመዝኑም።

የ1966ቱ ውሳኔ በግልጽ ተሽሮ አያውቅም። መሬቱ ግን ከሥሩ እየተሸረሸረ ሄዷል። በ1970 በባርሴሎና ትራክሽን ፍርድ (ፓራግራፍ 33 እና 34) ፍርድ ቤቱ ለዓለም ማኅበረሰብ በሙሉ የሚገቡ ግዴታዎች እንዳሉና ሁሉም መንግሥታት በመከበራቸው ላይ የሕግ ጥቅም እንዳላቸው ጻፈ። የቤልጂየምን ክስ ውድቅ ለማድረግ ይህን ማለት አላስፈለገውም ነበር፤ ተጓዳኝ አስተያየት ነው። ያ ተጓዳኝ አስተያየት ግን ፍሬ አፈራ። በ2012 ቤልጂየም ሴኔጋልን ስለ ቀድሞው የቻድ ፕሬዚዳንት ስለ ኢሴን ሀብሬ ስትከስ፣ የፀረ ማሰቃየት ስምምነት አባል መሆኗ ብቻ ለመክሰስ በቃት። በ2022 ጋምቢያ በማይናማር ላይ ያቀረበችው የዘር ማጥፋት ክስ በዚሁ መንገድ መቃወሚያውን አለፈ። ጉዳት በቀጥታ ያልደረሰበት መንግሥት ሊከስ አይችልም ብሎ የ1966ቱን ብቻ የጠቀሰ ተማሪ፣ ዳኛው እነዚህን ሦስቱን ሲያነሱበት መድረኩ ላይ ይደርቃል።

እዚህ ፍርድ ቤት ላይ ሌሎች ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የጊዜያዊ እርምጃ ትእዛዝን የመጨረሻ ፍርድ አስመስሎ መጥቀስ ነው። ጋምቢያ በጥር 2020 ያገኘችው ትእዛዝ ዘር ማጥፋት ተፈጽሟል አይልም፤ የተጠየቀው መብት አሳማኝነት እንዳለውና አደጋው አጣዳፊ እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለተኛው የልዩነት ሐሳብን የፍርድ ቤቱ ቃል አድርጎ ማቅረብ ነው። ዳኛ ታናካ በ1966 ስለ እኩልነት የጻፉት ግሩም ጽሑፍ ነው፤ መጠቀስም ይገባዋል፤ ግን «የዳኛ ታናካ የልዩነት ሐሳብ» ተብሎ። ሦስተኛው የምክር አስተያየትን አሳንሶ ማየት ነው። የምክር አስተያየት አያስገድድም፤ ሆኖም ስለ ቻጎስ ደሴቶች በ2019 የተሰጠውን በ2021 የዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ልዩ ችሎት በሞሪሸስና በማልዲቭስ ክርክር ላይ ሕጋዊ ውጤት ሰጥቶታል።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት አባል በመሆኗ የዚህ ደንብ ወገን ናት። ፍርዶቹ በነፃ ይገኛሉ። ለኅትመት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በፍርድ ቤቱ ጥራዝ መልክ የወጡት ቅጂዎች ግራው ገጽ ፈረንሳይኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ነው። ሙሉውን ወደ ኅትመት ቤት የላከ ሰው ለማያነበው ግማሽ ይከፍላል። የቀኙን ገጾች ብቻ መርጦ ማሳተም ወጪውን በግማሽ ይቀንሳል። የ1962ቱ ፍርድ የፓራግራፍ ቁጥር ስለሌለው በገጽ ይጠቀሳል፤ የ1966ቱ ግን ቁጥር አለው።

ስትራስቡርግ፦ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት

በወጥነት ረገድ ይህን የሚያህል የለም። በቻፕማን ጉዳይ (2001፣ ፓራግራፍ 70) ፍርድ ቤቱ በቀድሞ ውሳኔዎቹ በመደበኛ ሁኔታ ባይታሰርም፣ ለሕግ እርግጠኝነት፣ ለተገማችነትና በሕግ ፊት ለእኩልነት ሲባል ያለ በቂ ምክንያት ከእነሱ መውጣት እንደሌለበት ገልጿል። ከዚህ በላይ መሣሪያም አለው። በአንቀጽ 30 መሠረት አንድ ምድብ ችሎት ከቀደመ ፍርድ ጋር የሚጋጭ ውጤት ሊመጣ እንደሚችል ካየ ጉዳዩን ለታላቁ ችሎት መልቀቅ ይችላል።

በቂ ምክንያት የሚባለው ምን እንደሆነም ይታወቃል፤ የኅብረተሰቡ ሁኔታና በአባል አገሮች መካከል ያለው አዝማሚያ መለወጡ ነው። ፆታቸውን ለለወጡ ሰዎች የሕግ እውቅና ስለ መስጠት በተነሣው በክሪስቲን ጉድዊን ጉዳይ (2002) ፍርድ ቤቱ ከ1986ቱና ከ1990ዎቹ ውሳኔዎቹ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የምድብ ችሎት ፍርድ እንደወጣ የመጨረሻ አይሆንም፤ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ታላቁ ችሎት እንዲመራ ሊጠየቅ ይችላል። በላውትሲና በጣሊያን ጉዳይ ምድብ ችሎቱ በ2009 መስቀል በመማሪያ ክፍል መሰቀሉ ስምምነቱን ይጥሳል አለ፤ ታላቁ ችሎት በ2011 አይጥስም ብሎ ገለበጠው። የ2009ኙን ብቻ አውርዶ የጠቀሰ ሰው ክርክሩን በራሱ እጅ አፈረሰ። ሁዶክ በሚባለው የፍርድ ቤቱ ነፃ የመረጃ ቋት ውስጥ ሲፈልጉ «ታላቁ ችሎት» የሚለውን ማጣሪያ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ «ቁልፍ ጉዳዮች» የሚለውን ቢጠቀሙ ከዚህ ወጥመድ ያመልጣሉ።

ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ ማሳመኛ ብቻ ነው፤ የስምምነቱ ቃል ከኛው ጋር በሚመሳሰልበት ነጥብ ላይ ግን ጠንካራ ማሳመኛ ነው።

ባንጁልና አሩሻ፦ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንና ፍርድ ቤት

ለኢትዮጵያዊ ጠበቃ ቅርቡ ይህ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ይህም ያሳዝናል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርን በ1998 ተቀብላለች። የቻርተሩ አንቀጽ 61 ደግሞ ኮሚሽኑ ሊመለከታቸው ከሚገቡ ረዳት ምንጮች መካከል ቀዳሚ የፍርድ ውሳኔዎችን በስም ይጠራል።

አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቱን ያቋቋመውን ፕሮቶኮል ፈርማለች፤ አላጸደቀችም። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ በኢትዮጵያ ላይ እንደሚያስገድድ አድርጎ መጻፍ ስሕተት ነው። ባንጁል ያለው ኮሚሽን ግን በኢትዮጵያ ላይ የቀረቡ አቤቱታዎችን አይቷል። በአቤቱታ ቁጥር 341/2007 ኢኳሊቲ ናውና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ጉዳይ ባቀረቡት ክርክር ኮሚሽኑ መንግሥትን ተጠያቂ አድርጎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቧል። በሴቶችና በሕፃናት መዝገብ ላይ ለሚሠራ ሰው ከአሥር የአውሮፓ ፍርድ ይልቅ ይህ አንዱ ይቀርባል። ድክመቱ ውሳኔው የፍርድ አስገዳጅነት የሌለው የውሳኔ ሐሳብ መሆኑ ነው፤ የምክንያት አሰጣጡም አንዳንዴ አጭር ነው።

የወንጀል ችሎቶች

የሮም ስምምነት አንቀጽ 21(2) ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በቀድሞ ውሳኔዎቹ የተተረጎሙ መርሆችንና ደንቦችን «ሊጠቀም ይችላል» ይላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይጠቀማል» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም፤ በአንድ ቃል ፈቃድ ወደ ግዴታ ተለወጠ ማለት ነው። ለቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የተቋቋመው ችሎት የበለጠ ጥብቅ ነበር። በአሌክሶቭስኪ ይግባኝ (2000፣ ፓራግራፍ 107 እና 113) ይግባኝ ሰሚው ለፍትሕ ሲባል አጥጋቢ ምክንያት ካልተገኘ በቀር የቀድሞ ውሳኔውን እንደሚከተል፣ የውሳኔው መሠረት የሆነው ምክንያት ደግሞ የሥር ችሎቶችን እንደሚያስገድድ ወስኗል። ይህ ከኛ ሰበር ጋር የሚመሳሰል ነው።

ትልቁ ወጥመድ የፍርድ ቤቶች ግጭት ነው። አንድ መንግሥት የታጠቀ ቡድን ለፈጸመው ድርጊት መቼ ይጠየቃል? ሄግ በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ «ውጤታማ ቁጥጥር» ጠየቀ። የዩጎዝላቪያው ይግባኝ ሰሚ በ1999 በታዲች ጉዳይ «አጠቃላይ ቁጥጥር ይበቃል» አለ። ሄግ በ2007 በቦስኒያ ጉዳይ (ከፓራግራፍ 402 እስከ 407) የታዲችን መለኪያ ለመንግሥት ተጠያቂነት አልቀበልም ብሎ ወደ ኒካራጓ ተመለሰ። መንግሥትን የሚከስ ሰው ታዲችን ብቻ ይዞ ከቀረበ ወድቋል። የትጥቅ ግጭቱ ዓለም አቀፍ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚከራከር ግን ሊጠቀምበት ይችላል።

የዓለም ንግድ ድርጅት

ኢትዮጵያ የአባልነት ጥያቄዋን ያቀረበችው በ2003 ነው። ይግባኝ ሰሚው አካል በ2008 በሜክሲኮና በአሜሪካ የብረት ክርክር አጥጋቢ ምክንያት ከሌለ ተመሳሳይ የሕግ ጥያቄ በተመሳሳይ መንገድ መፈታት አለበት አለ። አሜሪካ ይህን ቀዳሚ ፍርድን በጓሮ በር ማስገባት ነው ብላ አጥብቃ ተቃወመች፤ አዳዲስ አባላት እንዳይሾሙም ከለከለች፤ አካሉ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ይግባኝ መስማት አልቻለም። ቀዳሚ ውሳኔን ያለ አባላት ስምምነት ማጥበቅ ፍርድ ቤትን ራሱን ሊያሳጣ እንደሚችል ለሚያጠና ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ርእስ የለም። ለዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ግን ብዙም አይረባም።

የግልግል ዳኝነት

የኢንቨስትመንት ግልግል እያንዳንዱ ጉባኤ ለአንድ ጉዳይ ተሰይሞ የሚበተን፣ በላዩ ይግባኝ ሰሚ የሌለው ነው። አንዱ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኤስጂኤስ ከፓኪስታን (2003) እና ከፊሊፒንስ (2004) ጋር ባደረጋቸው ሁለት ክርክሮች፣ መንግሥት የገባውን የውል ግዴታ እንዲያከብር በሚያዘው ተመሳሳይ አንቀጽ ላይ ሁለት ጉባኤዎች የተለያየ ትርጉም ሰጥተዋል። ስለዚህ እዚህ አንድ ውሳኔ መጥቀስ ዋጋ የለውም፤ ተከታታይ የሆኑ በርካታ ውሳኔዎች መደርደር አለባቸው። የሳይፔም ጉባኤ (2007) እንዲህ ላለው ተከታታይ መስመር ክብደት ሰጥቷል። ኢትዮጵያ ስለ ኢንቨስትመንት ክርክር አፈታት የሚደነግገውን የዋሽንግተኑን የኢክሲድ ስምምነት ፈርማ አላጸደቀችም፤ የውጭ ግልግል ውሳኔን ስለ ማስፈጸም የሚደነግገውን የኒውዮርክ ስምምነት ግን በ2020 ተቀብላለች።

ከግልግል ወገን ለኛ የሚቀርበው የኢትዮጵያ ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ነው። በታኅሣሥ 2005 የሰጠው ውሳኔ በትንንሽ እግረኛ ክፍሎች መካከል ድንበር ላይ የሚደረግ ግጭት፣ ሕይወት ቢጠፋበትም እንኳ፣ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አባባል የትጥቅ ጥቃት እንደማይሆን ይናገራል። በመተማ በኩል ስላለው ድንበር የሚጽፍ የጎንደር ተመራማሪ ይህንና ቅኝ ገዥዎች ትተውት ስለሄዱት ወሰን የሚናገረውን የቡርኪና ፋሶና የማሊ ፍርድ (1986) አጠገብ ለአጠገብ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ተቋም | ከቀድሞው ለመውጣት የሚጠይቀው | አስታራቂ የበላይ ችሎት | ኢትዮጵያ | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|
| ሄግ (የፍትሕ ፍርድ ቤት) | እጅግ የተለየ ምክንያት | የለም፤ አንድ ችሎት ነው | የደንቡ ወገን | ለምስለ ችሎት፣ ለድንበርና ለመንግሥት ኃላፊነት |
| ስትራስቡርግ | በቂ ምክንያት | ታላቁ ችሎት | አባል አይደለችም | ለመብት ትርጉም ማሳመኛ |
| ባንጁል | በየጉዳዩ ይለያያል | የለም | ቻርተሩን ተቀብላለች | ለአገር ውስጥ መዝገብ |
| አሩሻ | በየጉዳዩ ይለያያል | የለም፤ ይግባኝ የለውም | ፕሮቶኮሉን አላጸደቀችም | ለአፍሪካ ምስለ ችሎት፣ ለማሳመኛ |
| የወንጀል ችሎቶች | አጥጋቢ ምክንያት (ዩጎዝላቪያ)፤ «ሊጠቀም ይችላል» (ሮም) | ይግባኝ ሰሚ | የሮም ስምምነት አባል አይደለችም | ለወንጀል አካላት ትርጉም |
| የዓለም ንግድ ድርጅት | አጥጋቢ ምክንያት | ከ2019 ወዲህ አይሠራም | በ2003 አመለከተች | ለምርምር |
| ግልግል | ተከታታይ መስመር ካለ ጠንካራ ተቃራኒ ምክንያት | የለም | ኢክሲድን አላጸደቀችም | ለንግድ ጠበቃ |

ለጠበቃው

መጀመሪያ ሰበርን ይፈልጉ። ዓለም አቀፍ መለኪያ በሰበር በኩል ከገባ ያስገድዳል፤ በሌላ በር ከገባ ያሳምናል እንጂ አያስገድድም። ምሳሌው የመዝገብ ቁጥር 23632 (ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም.) ነው። ሰበር ሰሚው በሞግዚትነት ጉዳይ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ላይ ያለውን የሕፃኑን የላቀ ጥቅም መርሕ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) ጋር አያይዞ ሥራ ላይ አዋለው። ተመሳሳይ ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ስትራስቡርግ መሄድ አያስፈልገውም።

ሰበር ዝም ባለበት ነጥብ ላይ የስምምነቱን ሙሉ ቃል አያይዙ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በብዛት የሚወጣው የማጽደቂያው አዋጅ እንጂ የስምምነቱ ጽሑፍ ስላልሆነ ዳኛው በእጃቸው ላይኖራቸው ይችላል። ቀጥሎ የባንጁልን ውሳኔ፣ በመጨረሻ ከውጭ አንድ ወይም ሁለት ፓራግራፍ ያቅርቡ። ከዚያ በላይ ሲበዛ አቤቱታው ይደበዝዛል። የሚጠቀሰውን ፓራግራፍ ወደ አማርኛ መልሰው ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ «ያስገድዳል» አይበሉ፤ «ለትርጉም ይረዳል» ይበሉ። ዳኛው ይህን ልዩነት ያከበረ ጠበቃ ሲያጋጥማቸው ቀሪውን ጽሑፍ በእምነት ያነቡታል።

ለተማሪውና ለተመራማሪው

ምርጫው በውድድሩ ይወሰናል። ጄሰፕ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምስለ ችሎት ውድድር ክርክሩ በሄግ ፊት እንደሆነ ተቆጥሮ ስለሚደረግ የሄግ ፍርድ ከሁሉ ይቀድማል፤ በአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ምስለ ችሎት አሩሻና ባንጁል ይቀድማሉ። ሠላሳ ፍርድ በግርድፉ ከማወቅ አሥራ ሁለቱን አጥርቶ ማወቅ ይሻላል። ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ይሥሩ፤ ፍሬ ነገሩን በሦስት መስመር፣ ጭብጡን፣ የፓራግራፉን ቁጥር፣ ድምፁን ስንት ለስንት፣ ነጥቡ የውሳኔው መሠረት ነው ወይስ ተጓዳኝ አስተያየት፣ በኋላ የተከተለው ወይም የተወው ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ተቃራኒ ወገን «ይህ ጉዳይ ይለያል» ቢል የሚሰጠውን መልስ። ይህ የመጨረሻው መስመር ባዶ የቀረበት ካርድ ገና አላለቀም።

በጀት ለሌለው ሰው ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኛው በነፃ ይገኛል። የሚከፈልባቸው የመረጃ ቋቶች የሚያስፈልጉት በዋናነት ለግልግል ውሳኔዎችና ለማብራሪያ መጻሕፍት ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይታሰቡ። ኔትወርክ በተገኘበት ቀን ሙሉ ፍርዱን አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ጋዜጣዊ መግለጫውንና አጭር ማጠቃለያውን አይጥቀሱ፣ የፍርድ ቤቱ ቃል አይደሉምና። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በተከራካሪዎችና በደረጃ ይስጡት፤ «2022 ጋምቢያ ማይናማር መቃወሚያ» የሚል ስም ከ«2020 ጋምቢያ ማይናማር ትእዛዝ» ጋር እንዳይምታታ ይጠብቃል። በካርዱ ጥግ ላይ ውሳኔው በኋላ እንዳልተለወጠ የተጣራበትን ቀን ይጻፉ፤ ከክርክሩ አንድ ሳምንት ሲቀር እንደገና ይጣራል።